ክረምት የማን ነው?

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ አጎቴ ከመንዝ ደወለልኝ። አጎቴ ያለ ጉዳይ አይደውልም፤ ሲደውልም ሰላምታው አጭር ነው። “አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ ወይ?” አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። “እኔማ ያመመህ መስሎኝ ነው። የላክኸው መልእክት ‘ክረምት ገብቷልና ሰብልዎን ይጠብቁ’ ይላል። እዚህ ውርጩ ጆሯችንን ሊቆርጠው ነው። እናንተ ጋ ዝናብ ጣለ እንዴ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ የተማርኩትም ምሕንድስና ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በትርፍ ጊዜያችን የአየር ትንበያን ወደ አጭር የስልክ መልእክት የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሠርተን፣ መሞከሪያ እንዲሆኑን የየዘመዶቻችንን ስልክ አስገባን። የመልእክቶቹን ናሙና የወሰድነው ውጭ አገር ከተሠራ ፕሮግራም ስለነበር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛውን የመሙላት ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ፋይሉ ሁለት ዓምድ አለው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ቦታ። ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው እንደኖርኩት ሞላሁት፦ ፀደይ፣ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት። አራት ሳጥን፣ አራት ቃል። ኮዱ ምንም ስህተት አላሳየም።

ስህተቱ ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር። መልእክት መላክ የጀመርነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሆነና እንጂ፣ ጥቅምት ላይ ብንጀምር ኖሮ ያው ፋይል “በልግ ገብቷል” ብሎ ይልክ ነበር። በልግ ማለት ለመንዝ ገበሬ ዘር ማለት ነው። በጥቅምት ዘር የሚያወጣ ሰው ዘሩን ለውርጭ ነው የሚያበላው። በእርግጥ አጎቴን የመሰለ ሰው ስልኩን አምኖ አይዘራም፤ መጀመሪያ ሰማዩን ነው የሚያየው። ግን ስለ አየር የሚናገር አካል አንዴ እንዲህ ከቀባጠረ፣ ነገ እውነቱን ሲናገርም የሚሰማው የለም።

ፋይሉን ከፍቼ “ክረምት” የሚለውን ለማጥፋት አምስት ሰከንድ በቂ ነበር። ያቃተኝ በቦታው ምን እንደምጽፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ባዶ ሳጥን የተነሣ ነው። ወራት አለፉት፤ መዝገበ ቃላት፣ ልቦለድ፣ የቱሪዝም መፈክር ሳይቀር አገላበጥኩ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ አማርኛ የወቅት ቃል አላነሰውም። የጽሑፍ አማርኛችን ግን ወቅትን የሚያየው ከአንድ መስኮት ሆኖ ነው፤ በዚያ መስኮት መንዝ አይታይም።

የደሴቷ አራት ሳጥን

በመጀመሪያ አራቱ ሳጥኖች የማን ናቸው? በእንግሊዝኛ ለተማርን ሰዎች፣ የአንዲት ለዘብ ያለ አየር ያላት ደሴት ናቸው። እንግሊዝን ባሕር ይከባታል፤ ባሕሩ ብርዱንም ሙቀቱንም ያለዝባል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ይጥላል። ስለዚህ እዚያ ዓመትን ለሁለት የሚከፍለው ዝናብ አይደለም፤ ብርሃን ነው። ለንደን ውስጥ በዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ የምትታየው ከ8 ሰዓት ለሚያንስ ጊዜ ሲሆን፣ በረጅሙ ቀን ግን ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ አማካይ ሙቀቱ ወደ 13 ዲግሪ ይለያያል። እንዲህ ባለ አገር ዓመቱ አራት ቦታ ቢከፈል ያምርበታል፤ ብርሃኑ ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሄዳል።

አሁን መሐል ሜዳን እንይ። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት። ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የወራቱ አማካይ ሙቀትም ከወር ወር የሚለያየው በጥቂት ዲግሪ ነው። ዓመቱን የሚከፍለው ዝናቡ ነው፤ መጥቷል ወይስ አልመጣም? በስንተኛው ወር? ይዟል ወይስ ቆርጧል? የደሴቷን ሳጥን ለዚህ ሰማይ ማልበስ የሌላ ሰው ጫማ እንደማጥለቅ ነው። ይገባ ይሆናል፤ አያራምድም።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለሥራ ባልደረቦቼ አውርቼው ይበቃ ነበር። ግን የሥነ ጽሑፍም ጉዳይ ነው። የሼክስፒርን 18ኛውን ሶኔት አስቡት፤ ተናጋሪው የሚወደውን ሰው ከሰመር ቀን ጋር የሚያወዳድርበትን። ይህን ግጥም ወደ አማርኛ መመለስ የሚፈልግ ሰው ገና በመጀመሪያው ስንኝ ችግር ይገጥመዋል። በወር ከሄደ የእነሱ ሰመር የእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ “አንቺን ከሐምሌ ቀን ጋር ላወዳድርሽ?” ቢል ሴቲቱ ጃንጥላዋን ይዛ ትሄዳለች። በስሜት ከሄደና “የበጋ ቀን” ካለ ደግሞ የኛ በጋ አቧራ፣ የነጣ ሜዳና ውኃ ፍለጋ የሚሄድ ከብት ያለበት ነው። ግጥሙ የሚያዝነው ሰመር ቶሎ ስለሚያልፍ ነው። የኛ ገበሬ በጋው ቶሎ አላልፍ ሲለው ነው የሚያዝነው። ቃሉ ተተርጉሞ ኀዘኑ ይገለበጣል።

ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ያመጡልን ሰዎች ትንሽ ሰዎች አልነበሩም። ከበደ ሚካኤል ሮሚዮና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን መልሰዋል። (ልጅ ሆኜ ሐምሌት የሚለውን ስም ስሰማ በሐምሌ ስለተወለደ ሰው የሚናገር ታሪክ ይመስለኝ ነበር።) ተውኔት የሚተረጉም ሰው በትዕይንቱ ሊድን ይችላል፤ ብርዱን ተዋናዩ ይንቀጠቀጥለታል። እኔን የመሰለ ቃል ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ግን ማምለጫ የለውም። ከሰማይ የሚወርደው ነጭ ነገርም ያው ነው። በአማርኛ “በረዶ” ስንል ሐምሌ ላይ ባቄላውን የሚደበድበውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በፊልም እንደ ጥጥ ሲወርድ የምናየውንም ነው። ያ ቃል ለመንዝ ገበሬ የጥፋት ስም ነው፤ በገና ካርድ ላይ ግን የደስታ ጌጥ ሆኖ ይመጣል። በታኅሣሥ ጠራራ ፀሐይ አዲስ አበባ ሱቆች ደጃፍ ላይ ጥጥ የለበሰ ዛፍ ሳይ፣ የደሴቷ ወቅት ከነዕቃው እንደገባ ይገባኛል።

በእግር የሚደረስ ወቅት

እናቴ ተወልዳ ያደገችው መንዝ ጌራ ምድር ነው፤ እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነቴ ከዘመድ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ጠዋት ስንነሣ ሹራብ፣ በላዩ ካፖርት፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ ነበር። መኪናው ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጋቢው ወረደ፤ ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱ ወለቀ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በካናቴራ ቀረሁ። “በጋ ደረስን” አልኩ አሉ። ዘመዶቼ እስካሁን ይስቁብኛል። አሁን ሳስበው ግን ትክክል ነበርኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ወደ 12 ዲግሪ ይጠጋል። ለንደን በጃንዋሪና በጁላይ መካከል ያላትን ልዩነት አስታውሱ፤ ያው ነው ማለት ይቻላል። የደሴቷ ሰው ስድስት ወር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ለውጥ የመንዝ ነጋዴ በግ እየነዳ ወደ ቆላ ወርዶ ያገኘዋል፤ ሲመለስም መልሶ ይለብሰዋል። በምዕራብ በኩል ወደ መርሐቤቴና ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውም እንዲሁ ነው፤ ከገብስ ተነሥቶ ጤፍና ማሽላ ጋ ይደርሳል።

አማርኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ፤ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ የአየር ስሞች ናቸው። መጨረሻውን ቃል ልብ በሉት። ውርጭ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው ነገር ነው፤ ከደጋ በላይ ያለው አገርም ስሙ ውርጭ ነው። አየሩና ቦታው በአንድ ቃል ተጠሩ። የእንግሊዝኛው ፋይል “መቼ ነው?” ብሎ ሲጠይቅ የኛ ቃላት “የት ነህ?” ብለው ነው የሚመልሱት።

ውርጩ ራሱ የሚመጣበት መንገድ የቦታ ትምህርት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት የሚሸፍንላት ደመና የለም፤ ሙቀቷ ወደ ላይ ያመልጣል። የቀዘቀዘው አየር ከበድ ስለሚል እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ገደላማው ላይ ያለ ገብስ ሲተርፍ ሜዳው ላይ ያለው ተቃጥሎ ሊያድር ይችላል። ሁለቱ ማሳዎች የአንድ ሰው ናቸው፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ወቅት አዩ። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ከወራቱ ልዩነት የሚበልጥበት አገር ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ጓሳ ላይ በማለዳ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ፣ ዕድል ከቀናችሁ፣ ደመናው ከእግራችሁ በታች ይተኛል። ከላይ የሚወጡት ጫፎች ደሴት ይመስላሉ። ሥነ ምኅዳር የሚያጠኑ ሰዎችም እንዲህ ያሉትን ከፍታዎች የሰማይ ደሴቶች ይሏቸዋል፤ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ በቆላ ባሕር ተከበው የቀሩባቸው ናቸው። እንግዲህ እኛም ደሴት አለን፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች። ይህች ደሴት የራሷ የወቅት ደንብ ነበራት። ቄሮ በሚባለው የአጠባበቅ ሥርዓት፣ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ወገኖች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩታል፤ ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ያጭዱታል። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ፈረሰ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ አቆመው። እዚህ ወቅት ማለት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊረዝም የሚችል ነገር ነው። የትኛው ሳጥን ይችለዋል?

መጻሕፍቶቻችን የማንን ሰማይ ያያሉ?

እስቲ ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ሦስት ዓይነት የወቅት ቆጠራ አለን። የቤተ ክርስቲያኑ ቆጠራ ዓመቱን አራት ያደርገዋል፤ ከመስከረም 26 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 በጋ፣ ከመጋቢት 26 ፀደይ፣ ከሰኔ 26 ክረምት። የሜትሮሎጂው ቆጠራ ሦስት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ሦስተኛው የጋዜጣ፣ የዘፈንና የስልክ ፕሮግራም ቆጠራ ነው፤ ከደሴቷ ሳጥን የተቀዳው። በዚህኛው ፀደይ መስከረም ላይ ይመጣል። ለምን? የአበባ ወቅት ነዋ! ስፕሪንግ አበባ ነው፣ አደይም አበባ ነው፣ ስለዚህ መስከረም ፀደይ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቆጠራ ግን መስከረም ክረምቱ የሚሸኝበትና መፀው የሚገባበት ነው፤ ፀደይ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። መፀውን ከቤቱ አስወጥተን ፀደይን አስገባንበት።

ይህን ስል የቃል ፖሊስ መሆን ፈልጌ አይደለም። የሚያሳስበኝ ከቃሉ ጋር የተረሳው ነው። በዘመናዊ ጽሑፋችን የተለመደው የዓመት ታሪክ እንዲህ ነው፦ ክረምት ጨለማ፣ ናፍቆትና ጭቃ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ይድናል። ይህ ከመስኮት ሆኖ ዝናብ የሚያይ ሰው ታሪክ ነው። እኔም የዚህ መስኮት ልጅ ነኝ፤ ክረምት ለኔ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ በልግ ፈጽሞ የለም። ስለ መስከረም ዝፈን ብትሉኝ ከአበባየሆሽ ጀምሬ ብዙ እቆጥራለሁ፤ ስለ በልግ ግን አንድም ትዝ አላለኝም። በመንዝና በግሼ ከፍታዎች፣ የክረምቱ ውኃ መሬቱን አጥለቅልቆ፣ በረዶው ደብድቦ፣ ዘግይቶ የደረሰውን ደግሞ ውርጭ በሚጠብቅበት አገር፣ ተስፋው የበልግ ገብስ የሆነ ብዙ ቤተሰብ አለ። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ይዘራል፤ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። በልጉ ሲቀር ክረምቱ በባዶ ጎተራ ይገባል። ለዚህ ሰው የዓመቱ ትልቅ ጥያቄ ያለው የካቲት ላይ ነው፤ መጻሕፍቶቻችን ደግሞ የካቲትን ዝም ብለው ያልፉታል።

ከዚህ ዝምታ የሚለይ ጸሐፊ ፈልጌ ያገኘሁት እዚያው አጠገባችን ነው፤ የደብረ ሲናው ልጅ ዳኛቸው ወርቁ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው “አደፍርስ” ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ያለችውን አርማንያን መድረኩ ያደረገ ልቦለድ ነው። ስለ መጽሐፉ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክርክሮቹ ነው፤ ወጣቱ ከሽማግሌው፣ አዲሱ ከነባሩ። የመልክዓ ምድር ገለጻው ርዝመት ደግሞ ብዙ አንባቢ ያማርርበታል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ገጽ ዘልያለሁ። ዘንድሮ ሳልዘል አነበብኩት። ታሪኩ ያለው በደጋውና በቆላው መካከል፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ የዚያ አገር ሰው ሁልጊዜ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው የሚሄደው። ያን ቁልቁለት በዝርዝር ሳይጽፉ የዚያን አገር ሰው መጻፍ አይቻልም። ዳኛቸው ገለጻ አላበዛም፤ እኛ ጠፍጣፋ አገር ለምደን ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ቁልቁለቱን እንዲህ አድርጎ ያየ ዓይን ጫፉ ላይ ወጥቶ መንዝን ቢጽፍልን ምን ነበረበት?

ስለ መንዝ በስፋት ከጻፉት አንዱ የውጭ ሰው ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው “ሰምና ወርቅ” መንዝን ከጎንደር ጋር አነጻጽሯል። መጽሐፉ ብዙ ነገር ይዟል፤ ጓደኞቼ ግን ስለ መንዝ ስናወራ ከዚያም ሆነ ከሌላ ቦታ ይዘውት የሚመጡት አንድ ሐሳብ ነው፤ ብርዱ ሰዉን ጠንካራ አደረገው የሚል። በዚህ አነጋገር ብርድ የሰው ጠባይ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ራሱ ታሪክ አይሆንም። በርኖስ፣ ባና፣ የድንጋይ ቤት፣ የኩበት እሳት፣ አረቄ፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ለአየሩ የሰጡት መልስ ናቸው፤ ታስቦባቸው የተሠሩ። ብርዱ ያደረገውን ሳይሆን ሰው በብርዱ ላይ ያደረገውን የሚያወራ ጽሑፍ ያንሰናል።

አሁን ወደ መፈክሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቱሪዝም ሲቋቋም፣ የመሠረቱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁበት መፈክር በእንግሊዝኛ የአሥራ ሦስት ወር የፀሐይ ብርሃን የሚል ነበር። ከዝናባማዋ ደሴት ለሚመጣ ቱሪስት ከዚህ የተሻለ ማባበያ የለም። መንዝ ላይ ግን አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት ድርቅ ማለት ነው፤ 1977ን የሚያስታውስ ሰው በዚህ አይቀልድም። አማርኛው ምን አለ? “የ13 ወር ፀጋ።” ፀሐይዋ ወጣችና ፀጋ ገባ። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላጣራሁም፤ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ፀጋ ፀሐይም ይሆናል፣ ዝናብም ይሆናል፤ እንደ ቦታው፣ እንደ ወሩ። ይህ ሰው ሳጥኑን አልሞላም። ሳጥኑ ሊናገር የፈለገውን ጠይቆ፣ ያንን በኛ ሰማይ ሥር አለው። በወቅት ነገር ካነበብኩት ትርጉም ሁሉ የበለጠብኝ ይህ አጭር መፈክር ነው።

ያው ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልቦለድ ርዕሱ አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ እንደማለት ነው። የታመመ አባት ይዘው ወደ ዝቋላ ስለሚወጡ ልጆች የሚናገር፣ ድቅድቅ ያለ መጽሐፍ ነው። ርዕሱን ከመፈክሩ ጎን ሳስቀምጠው መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል፤ ፀሐይዋን ለቱሪስት ስትሸጧት በሥሯ ያለውን ሰው አያችሁት ወይ የሚል። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ ግን ፀሐይና ዝናብ በእጁ ያልሆነ ሰው በሚኖርበት አገር የወቅት ቃል ጌጥ ብቻ ሊሆን እንደማይችል የደብረ ሲናው ልጅ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ክርክሩ

ይህን ሐሳብ ለአንድ ዋሽንግተን ለሚኖር ጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። “እኛ እዚህ ታኅሣሥን ክረምት ነው የምንለው” አለኝ። “ልጆቼ ክረምት ሲባል ጓንት ነው የሚታያቸው። ቋንቋ የሚሄድበት አብሮ ይሄዳል።” እውነቱን ነው። የስደቱ ክረምት የራሱ ብርድ፣ የራሱ ናፍቆት አለው፤ አንድ ቀን የራሱ ትልቅ ልቦለድ ይኖረዋል። በዋሽንግተን አማርኛ ክረምት ጓንት ቢሆን አልከፋም።

የምከፋው ሁለቱ ክረምቶች ሳይተዋወቁ አንድ ፋይል ውስጥ ሲገቡ ነው። ተርጓሚው “የየት ክረምት?” ብሎ ሳይጠይቅ ሲቀር፣ አቅም ያለው ትርጉም ያሸንፋል። ዛሬ የስልክ ፕሮግራም፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የማሽን ትርጉም ሁሉ ከእንግሊዝኛው ሳጥን ነው የሚነሣው። አሁን የምንጽፈው ስህተት ነገ ማሽኑ የሚማርበት አማርኛ ነው። ደጋግሞ ከተጻፈ በኋላ ትክክል ይመስላል፤ ያኔ ስህተተኛው አጎቴ ይሆናል።

ስለዚህ ፋይሉን እንዲህ አስተካከልነው። አራቱን የወቅት ሳጥኖች አጠፋናቸው። በቦታቸው ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከፍታውን፣ ቀጥሎ ወሩን ይጠይቃል። “ክረምት ገብቷል” ማለት ትቶ “በዚህ ሳምንት ሌሊት ረባዳ መሬት ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል” ይላል። ካፊያን ከዶፍ፣ ጉምን ከደመና ለየን። ከእናቴ፣ ከአክስቶቼና ከአጎቴ ቃል ለቀምኩ፤ ሦስት ምሽት ፈጀ። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም።

ግን በዚህ አልተቋጨም። ጥር መጨረሻ ላይ አጎቴ በድጋሚ ደወለ። ሰላምታው ያው አጭር ነው። “መልእክትህ አሁን ሰው የጻፈው ይመስላል” አለኝ፤ ከሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ቀጠለና “እሺ፣ በልጉስ ይይዛል ወይ?” አለኝ። የወቅት ትንበያ የሚሰጠው በዕድል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ለመሆን ይህን ያህል በመቶ ይባላል። ነገሩን ላቅልለት ብዬ፣ ምሳሌ እንዲሆነው፣ “ስድሳ በመቶ ይይዛል ቢባል...” ብዬ ጀመርኩ።

“ስድሳውን ተወው” አለኝ። “አርባውን ንገረኝ። ዘሬ ያለው አርባው ላይ ነው።”

2007ን ያየ ሰው ነው። በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱንም ኤልኒኞ አዳከመው። ቤቱ ያለው የዘር ገብስ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ነው። ቢዘራውና ዝናቡ ቢቆርጥ የሚዘራው ሌላ የለም፤ ባይዘራውና ዝናቡ ቢይዝ ዓመቱ አመለጠው። “አርባ በመቶ” የሚለውን እንዴት አድርጌ በአማርኛ እንደምነግረው፣ ፐርሰንት ሳይሆን ለውሳኔ የሚሆን ቃል እንዴት እንደማደርገው አላወቅሁም። ዝም አልኩ። እሱም ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያ “በል እደግ፣ ብርዱን ተጠንቀቅ” ብሎ ዘጋው።

ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር እስካሁን ባዶ ነው።